ማደንዘዣው ሲለቅ፦ ከአፍንጫና ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ሌሊት

በሪያድ የአፍንጫው አጥንት ተስተካክሎለት ወይም ሳይነሱ ተከፍቶለት ከሆስፒታል የሚወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የዚያኑ ዕለት፣ ቢዘገይም በማግሥቱ ቤቱ ይገባል። ጠዋት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብቶ፣ ቀትር ላይ ነቅቶ፣ ማታ በገዛ አልጋው ይተኛል። ሲወጣ ሕመሙ ያን ያህል አይደለም፤ ፊቱ ደንዝዟል፣ ሰመመኑም ጨርሶ አልለቀቀውም። «እንዲህ ከሆነማ ምን አስፈራኝ» ብሎ ይጽናናል። ሕመሙ የሚቀሰቀሰው መሸት ሲል፣ ማደንዘዣው ሲለቅ ነው። ያኔ አጠገቡ ነርስ የለም፤ ያለው የመድኃኒት ከረጢትና በአረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነው።

ከአፍንጫና ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው ሕመም ሆድ ወይም ደረት ከተከፈተ በኋላ እንደሚመጣው አይደለም። ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት በአብዛኛው ሰው ላይ ቀላል ወይም መካከለኛ ነው። የሚበረታው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ ከዚያ እየቀነሰ ሄዶ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጋብ ይላል። ስለዚህ ትግሉ ያለው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። የአካባቢ ማደንዘዣም የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ታካሚው ከባድ መድኃኒት ሳይነካ የመጀመሪያዋን ሌሊት ያልፋታል፤ ካልተገጣጠሙ እንቅልፍ አጥቶ ያነጋል። ስለዚህም ማደንዘዣው መቼ፣ የት፣ በምን መጠን እንደተሰጠና ከለቀቀ በኋላ ምን እንደተዘጋጀ አብሮ መጠየቅ አለበት።

ሪያድ ለአፍንጫ የምትመች ከተማ አይደለችም። ከባሕር ጠለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በበረሃ መካከል የተዘረጋች ናት፤ አየሯ ደረቅ ነው፣ በጸደይ ወራት አቧራው ሰማዩን ይሸፍነዋል፣ በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ሰው ቀኑን የሚውለው በአየር ማቀዝቀዣ ሥር ነው። አፍንጫው የተደፈነ፣ ግንባሩ የከበደው፣ «ሳይነስ አለብኝ» የሚል ሰው በየቤቱ አይጠፋም። በሞቃት አገሮች በብዛት የሚታየውና ከፈንገስ አለርጂ ጋር የተያያዘው የሳይነስ ብግነትም ለሳዑዲ የአንገት በላይ ሐኪሞች እንግዳ አይደለም፤ አፍንጫን ፖሊፕ በሚባል ለስላሳ እብጠት ይሞላል፣ መድኃኒት ብቻውን ሳይበቃው ቀርቶ ወደ ቀዶ ሕክምና ያደርሳል። የአፍንጫ አጥንት መጣመምና የውበት ቀዶ ሕክምና ሲጨመሩ ደግሞ ሥራው ሰፊ ይሆናል።

ከተማዋ ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ተቋማት አሏት። በ1957 የተመሠረተው የንጉሥ ሳዑድ ዩኒቨርሲቲ በዓይንና በአንገት በላይ ሕክምና የሚታወቀውን የንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያስተዳድራል (ስሙ ጅዳ ካለው ሌላ ሆስፒታል ጋር አንድ ነው)። በ1975 የተከፈተው የንጉሥ ፈይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል፣ የንጉሥ ፋህድ የሕክምና ከተማና የብሔራዊ ዘብ ሆስፒታልም እዚያው ናቸው፤ የግሎቹ አይቆጠሩም። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእነዚህ ሆስፒታሎች ኮሪደር ከመንፉሃና ከሌሎች ሰፈሮች የሚመጡ ኢትዮጵያውያንም ተራ ይጠብቃሉ፦ ሾፌሮች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች።

የአፍንጫን ሕመም ወደ አንጎል የሚያደርሰው አምስተኛው የራስ ነርቭ ነው። ሁለት ቅርንጫፎቹ ሥራውን ይካፈሉታል፤ በዓይን ጉድጓድ በኩል የሚመጣው የአፍንጫን ፊተኛና ላይኛ ክፍል ይይዛል፣ በላይኛው መንጋጋ በኩል የሚመጣው ደግሞ ኋለኛውንና ታችኛውን። ይህ ሁለተኛው ወደ አፍንጫ የሚልካቸው ነርቮች ከመንጋጋ አጥንት በስተጀርባ ባለች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ስፌኖፓላታይን ጋንግሊዮን በሚባል የነርቭ ቋጠሮ በኩል ያልፋሉ። ቋጠሮው ከመካከለኛው ተርቢኔት፣ ማለትም ከአፍንጫ ግድግዳ ወደ ውስጥ ከወጣው ሥጋ ለበስ አጥንት፣ ጀርባ ከአፍንጫው ሽፋን ሥር ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። አንድ መርፌ በትክክል እዚያ ከደረሰ የብዙ ነርቮችን መልእክት በአንድ ጊዜ ያቋርጣል። በዚያችው ጉድጓድ ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ ከበላይዋ ደግሞ ዓይን አለ። ጥቅሙም ሥጋቱም የሚመነጨው ከዚህ አቀማመጥ ነው።

የአካባቢ ማደንዘዣና የአፍንጫ ሕክምና አብረው ያደጉ ናቸው። ከሺህ ዓመት በፊት በኮርዶባ የኖረው አል ዛህራዊ በ30 ክፍሎች ባዘጋጀው «አል ተስሪፍ» ውስጥ ፖሊፕን በሜንጦ ስቦ ስለመቁረጥ፣ የቀረውን ደግሞ ቋጠሮ ባለው ክር ከአፍንጫ እስከ ጉሮሮ እየሳቡ ስለመፈግፈግ ጽፏል። አፍንጫን ነጥሎ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ያንን ታካሚ ማሰብ ይከብዳል። ለውጡ የመጣው በ1884 በቪየና ነው። ካርል ኮለር የተባለ ወጣት ሐኪም ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ አሳየ፤ በዚያው ዓመት በዚያችው ከተማ መድኃኒቱ በአፍንጫና በጉሮሮ ላይ ተሞከረ። ኮኬይን ለአፍንጫ ሐኪም ሁለት ነገር በአንዴ ሰጠው፦ ሕመሙን አጠፋለት፣ የደም ሥሮቹንም አጥብቦ ደሙን ቀነሰለት። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። በነርቭ ማደንዘዝ ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የነበረው አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ሃልስቴድ በራሱ ላይ ሲሞክር ሱሰኛ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በአጭሩ ከኮኬይን መራቅ ነው። በ1903 ጀርመናዊው ሃይንሪኽ ብራውን አድሬናሊንን ከማደንዘዣ ጋር ማደባለቅ የደንዛዜውን ዕድሜ እንደሚያረዝም አሳየ። በ1908 አሜሪካዊው ግሪንፊልድ ስሉደር ያንን ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን የነርቭ ቋጠሮ ማደንዘዝ የፊት ሕመምን እንደሚያስታግስ ጻፈ። በ1943 ስዊድናውያኑ ኒልስ ሎፍግሬንና ቤንግት ሉንድክቪስት ሊዶኬይንን ሠሩ፤ በ1948 ገበያ ላይ ዋለ። ቡፒቫኬይን በ1957 እዚያው ስዊድን ተከተለ። ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቡፒቫኬይንን ሳያውቁት ያውቁታል፤ በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች በወገባቸው ተወግተው ከታች የሚደነዝዙበት መድኃኒት በአብዛኛው እሱ ነው። ለአፍንጫ የሚሆነው ግን ለወገብ ከሚሰጠው ከባድ ቅልቅል የተለየ፣ ስኳር ያልተጨመረበት ዓይነት ነው።

ሌላው ለውጥ የመሣሪያ ነው። በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ ቫልተር ሜሰርክሊንገርና ተማሪው ሃይንዝ ሽታምበርገር፣ በአሜሪካ ደግሞ ዴቪድ ኬኔዲ በ1985 ያስተዋወቁት በኢንዶስኮፕ (ወደ አፍንጫ በሚገባ ቀጭን ማያ) የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ፊት ሳይቀደድ፣ ድድ ሳይሰነጠቅ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ሳይነስን መክፈት አስቻለ። ቁስሉ ስላነሰ ሕመሙም አነሰ። በግራትስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ታካሚዎች ነቅተው፣ በአካባቢ ማደንዘዣ ብቻ ይታከሙ ነበር። ዛሬ በሪያድም ሆነ በአዲስ አበባ ሰፋ ያለው የሳይነስ ሥራ በአመዛኙ በሙሉ ሰመመን ይከናወናል።

ታካሚው ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ሳለ ታዲያ ለምን ይወጋል? ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ያለው ስክሪን መልሱን ያሳያል። መጀመሪያ በአድሬናሊን የረጠቡ ትናንሽ የጥጥ ቁራጮች፣ እያንዳንዳቸው ማውጫ ክር ያላቸው፣ በሁለቱም ቀዳዳዎች ይገባሉ። ከደቂቃዎች በኋላ ይወጡና ቀጭን ረጅም መርፌ መካከለኛው ተርቢኔት ከግድግዳው በሚነሣበት ቦታ ላይ ይሰካል። ፈሳሹ ሲገባ ቀይ የነበረው ሽፋን ከመርፌው ጫፍ ጀምሮ እየነጣ ይሄዳል፤ ጥቂት ሲቆይ እንደ ወረቀት ይሆናል። ያ ንጣት ደሙ እንደቀነሰ፣ መድኃኒቱም በቦታው እንደገባ ይናገራል። በሳይነስ ሥራ ዓይንና አንጎል የሚገኙት ከስስ አጥንት ማዶ ስለሆነ ደም የሌለበት እይታ የደኅንነት ጉዳይ ነው። አካሉ ደግሞ ሰውየው ቢተኛም ቁስሉን ይመዘግባል፤ የነርቩ መልእክት ከመነሻው ከተቋረጠ ታካሚው ያነሰ የሰመመን መድኃኒት ይበቃዋል፣ ሲነቃም ሕመሙ አይቀድመውም።

ቀዶ ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠቀመው አብዛኛውን ጊዜ ሊዶኬይን ከአድሬናሊን ጋር ነው፤ ቶሎ ይይዛል፣ ነገር ግን በሰዓታት ውስጥ ይለቃል። ረጅም ቀዶ ሕክምና ላይ ታካሚው በሚነቃበት ሰዓት ኃይሉ ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ ሐኪሞች ሥራው ሲያልቅ ቡፒቫኬይን ወይም ዘመዶቹን ሌቮቡፒቫኬይንንና ሮፒቫኬይንን ይጨምራሉ። እነዚህ ከ4 እስከ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያሉ። የሰው ሕመም የሚበረታው በመጀመሪያው ማታ ከሆነ ይህ መጨረሻ ላይ የሚወጋ መርፌ ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ አለው፤ በየቦታው የዘወትር አሠራር አለመሆኑ ግን ያሳዝናል።

ወደ ነርቭ ቋጠሮው ለመድረስ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በአፍንጫ ውስጥ፣ በኢንዶስኮፕ እያዩ ከመካከለኛው ተርቢኔት ጀርባ መውጋት ነው። ሁለተኛው በአፍ ነው፤ በላንቃው የኋላ ጥግ፣ ከመጨረሻዎቹ መንጋጋ ጥርሶች አጠገብ ባለች ቀዳዳ መርፌው ወደ ላይ ይገባል። እዚህ ላይ ጥቂት ሚሊሜትር ብዙ ነገር ይለውጣል። በአውስትራሊያ አደላይድ የሚሠሩ የፒተር ጆን ዎርማልድ ቡድን አባላት በ2006 ባወጡት ጥናት ለአዋቂ ሰው መርፌው ከጫፉ 25 ሚሊሜትር ላይ በ45 ዲግሪ ቢታጠፍ ወደ ጉድጓዷ ደርሶ እንደሚቆም፣ ወደ ዓይን ጉድጓድም እንደማያልፍ አሳይተዋል። መርፌን አስቀድሞ በልክ ማጠፍ ቀላል ነገር ይመስላል፤ የታካሚን ዓይን የሚጠብቀው ግን ይኸው ነው።

ማስረጃው ምን ይላል? በነርቭ ቋጠሮ ማደንዘዝ ላይ በተለያዩ አገሮች በዕጣ የተከፋፈሉ ታካሚዎችን ያነጻጸሩ ብዙ ጥናቶች ወጥተዋል፤ ከመካከለኛው ምሥራቅም እንዲሁ። ተደምረው ሲታዩ ማደንዘዣው የተሰጣቸው ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያነሰ ሕመም ይናገራሉ፣ ተጨማሪ ማስታገሻም የሚጠይቁት በጥቂቱ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላ ግን ልዩነቱ ይጠፋል ወይም እዚህ ግባ የማይባል ይሆናል። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የአፍንጫ አጥንትን ስለማስተካከል በ2018 ያወጣው ዳሰሳ ከ500 ያነሱ ታካሚዎች ያሉባቸውን 7 ጥናቶች መርምሮ ተመሳሳይ ነገር አግኝቷል፦ የአካባቢ ማደንዘዣ በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ሕመምን ሳይቀንስ አይቀርም፣ የማስረጃው ጥራት ግን ዝቅተኛ ነው። ጥናቶቹ ትናንሽ ናቸው፤ የሚጠቀሙበት መድኃኒትና መጠንም ይለያያል። ይህ ሁሉ ሆኖ መድኃኒቱ ርካሽ፣ ጊዜውም የደቂቃዎች ስለሆነ መስጠቱ ካለመስጠቱ ይሻላል የሚለው ፍርድ ሚዛን ይደፋል። በስብ ቅንጣት ተጠቅልሎ ቀስ እያለ የሚለቀቀው ውድ ቡፒቫኬይን፣ በአሜሪካ በ2011 የተፈቀደው፣ በአፍንጫ ላይ ከተራው እጅግ እንደሚበልጥ የሚያሳምን ማስረጃ ይዞ አልመጣም።

ታካሚዎች ስለ ሕመም ሲጠየቁ ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሱት ግን መርፌውን ወይም ቁስሉን አይደለም። የሚያነሱት የአፍንጫ መወተፊያውን ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደም እንዳይፈስ ተብሎ አፍንጫ ውስጥ የሚጠቀጠቀው ጎዝ ወይም ስፖንጅ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ግድግዳውን ይጫናል፣ ራስ ምታት ያመጣል። ታካሚው በአፉ ብቻ ሲተነፍስ ያድራል፤ በሪያድ ደረቅ አየር ጉሮሮው ይሰነጠቃል፣ ምራቁን ሲውጥ ጆሮው ይደፈናል። ከዚያ ደግሞ የሚወጣበት ቀን አለ። ስፖንጁ ከደረቀ ደም ጋር ተጣብቆ ሲሳብ ዓይን እንባ ያዘንባል፣ አንዳንዱ ሰው ራሱን ይስታል። ብዙዎች ከቀዶ ሕክምናው ሁሉ ያችን ደቂቃ ናቸው የሚያስታውሷት።

እዚህ ላይ የአካባቢ ማደንዘዣ ሌላ ሥራ አለው። በቱርክና በደቡብ ኮሪያ የተደረጉ ጥናቶች መወተፊያውን በሊዶኬይን፣ በቡፒቫኬይን ወይም በሌቮቡፒቫኬይን ማራስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያለውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ከመውጣቱ በፊት ደግሞ ስፖንጁን በሊዶኬይን አርሶ 10 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ሥቃዩን ያለዝበዋል። ወረፋ በበዛበት ክሊኒክ ይህች ትንሽ ጊዜ ትዘለላለች፤ መዘለል አልነበረባትም። ከሁሉ የሚሻለው ግን መወተፊያውን ጨርሶ መተው ነው። አጥንቱ ሲስተካከል ግራና ቀኝ የሚሸፍኑትን ሁለት ገጾች በሚሟሟ ክር መስፋት መወተፊያን እንደሚተካ፣ ሕመሙንም በግልጽ እንደሚቀንስ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከሳይነስ ሥራ በኋላም በራሱ የሚሟሟ መሙያ መጠቀም ወይም ደሙ ከቆመ ምንም አለማስገባት ይቻላል። በአፍንጫ ውስጥ የሚቀር ባዕድ ነገር በቀነሰ ቁጥር የሚፈለገው ማስታገሻም ይቀንሳል።

ማደንዘዣ ግን ውኃ አይደለም። ለአዋቂ ሰው ሊዶኬይን ብቻውን በኪሎ 4.5 ሚሊግራም፣ ከአድሬናሊን ጋር 7 ሚሊግራም አካባቢ ጣሪያ አለው፤ ቡፒቫኬይን በኪሎ 2 ሚሊግራም ገደማ። 60 ኪሎ ለምትመዝን ሴት የቡፒቫኬይኑ ጣሪያ 120 ሚሊግራም ነው፤ በ0.5 ከመቶ ጥንካሬ 24 ሚሊሊትር ማለት ነው። ለነርቭ ቋጠሮው በየጎኑ 2 ሚሊሊትር ቢወጋ የሚገባው 20 ሚሊግራም ብቻ ስለሆነ ከጣሪያው ይርቃል። ችግር የሚመጣው ሲደማመር ነው፦ መርፌው፣ ጉሮሮ ላይ የተረጨው፣ ጥጡ የራሰበት፣ መጨረሻ ላይ የተጨመረው። አፍንጫ በደም ሥር የበለጸገ ስለሆነ መድኃኒቱን ቶሎ ወደ ደም ያስገባል። ሕፃናት ላይ ደግሞ ጣሪያው ቅርብ ነው።

መጠኑ ሲያልፍ ወይም መርፌው የደም ሥር ሲያገኝ የነቃ ታካሚ ከንፈሩ አካባቢ ይደነዝዘዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ጆሮው ይጮኻል፤ ከዚያ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መዛባት ሊመጣ ይችላል። በሙሉ ሰመመን የተኛ ሰው እነዚህን ምልክቶች መናገር አይችልም፤ ስለዚህ የሰመመን ባለሙያውና ቀዶ ሐኪሙ የሰጡትን መጠን ጮክ ብለው መነጋገር አለባቸው። መድኃኒትም አለ፦ አሜሪካዊው ጋይ ዋይንበርግ በ1998 በአይጦች ላይ ያሳየውና በ2006 የልብ ምቱ የቆመ ታካሚን ለማዳን የረዳው 20 ከመቶ የስብ ፈሳሽ፣ መጀመሪያ በኪሎ 1.5 ሚሊሊትር በደም ሥር ይሰጣል። የአካባቢ ማደንዘዣ የሚወጋበት ቀዶ ሕክምና ክፍል ሁሉ ይህ ፈሳሽ በእጁ ሊኖረው ይገባል። በጥጥ ለመንከር የተዘጋጀ ጠንካራ አድሬናሊን በስሕተት ለመርፌ ከሚሆነው ጋር ተቀላቅሎ አደጋ ያደረሰባቸው ጊዜያትም ስለነበሩ በየዕቃው ላይ ስሙን መጻፍ ግዴታ ነው። ነገር ተደራርቦ መታየት ወይም የዓይን መደብዘዝ ከቋጠሮው ማደንዘዝ በኋላ አልፎ አልፎ ይከሰታል፤ ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲለቅ ይመለሳል። ቢሆንም ሐኪሙ ወዲያው ሊያውቀው ይገባል።

ወደዚያች ሌሊት እንመለስ። ማደንዘዣው ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይለቅ ይሆናል። ትልቁ ስሕተት ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ፓራሲታሞል ፊቱ ገና ደንዝዞ ሳለ መጀመር፣ ከዚያም በሰዓቱ መዋጥ አለበት፦ ጤነኛ ለሆነ አዋቂ 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ ጉበቱ ለታመመና ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች ለሆነ ሰው ሐኪሙ ይቀንሰዋል። በሪያድ ፋርማሲዎች ፓናዶል፣ ፊቫዶልና አዶል ተብለው የሚሸጡት ሦስቱም ፓራሲታሞል ናቸው። የጉንፋን ኪኒኖችም ብዙዎቹ ውስጣቸው እሱኑ ይዘዋል። «አንዱ አልሠራልኝም» ብሎ ሌላውን የደረበ ሰው ጉበቱን ይጎዳል።

ኢቡፕሮፌን፣ ብዙ ሰው ብሩፌን የሚለው፣ ጥሩ አጋዥ ነው። ደም ያፈሳል ተብሎ ለዓመታት ሲፈራ ቢቆይም ከሳይነስ ቀዶ ሕክምና በኋላ ነስርን በግልጽ እንደሚጨምር ጥናቶች አላገኙም። እዚህ ግን መቆም የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። የአፍንጫ ፖሊፕ ካለባቸው ሰዎች ከ100 ወደ 10 የሚጠጉት አስፕሪን፣ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ሲወስዱ አስማቸው ይነሣል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ፖሊፕና አስም በአንድ ላይ ያለበት ሰው ቀድሞ ሳይጠየቅና ሳይረጋገጥ እነዚህን መድኃኒቶች መውሰድ የለበትም። ለእንዲህ ያለው ታካሚ የአካባቢ ማደንዘዣው ይበልጥ ያስፈልገዋል፣ የቀረው አማራጭ ጠባብ ነውና።

ትራማዶልንና መሰሎቹን፣ ማለትም ኦፒዮይዶችን፣ በተመለከተ የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው መመሪያ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቀዳሚው ሕክምና ኦፒዮይድ ያልሆነ ማስታገሻ እንዲሆን፣ ኦፒዮይድ ካስፈለገም በጥቂቱ እንዲታዘዝ አሳስቧል። በሳዑዲ ጉዳዩ የሕግም ነው። ትራማዶል ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት መድኃኒት ስለሆነ ያለ ሐኪም ማዘዣ መያዝ ያስጠይቃል፤ ከውጭ ይዞ የሚገባ ተጓዥም የአገሪቱን የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ አስቀድሞ ማግኘት አለበት። ከአዲስ አበባ ዘመድ «ለሕመም ይጠቅማል» ብሎ የላከው ጥቂት ፍሬ ኪኒን አየር ማረፊያ ላይ ከባድ ጣጣ ያመጣል። ጓደኛ የተረፈውን ቢሰጥም ያው ነው።

የጾም ጉዳይም አለ። በረመዳን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው እየጾመ በየ6 ሰዓቱ ኪኒን መዋጥ አይችልም፤ ኢቡፕሮፌንም በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል። እስልምና የታመመን ሰው ከጾም ያሳርፈዋል፤ ኦርቶዶክሱም ለሕመም ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገራል። አንዳንዱ ግን ለማንም ሳይናገር ጾሙን ይቀጥልና ሕመሙን ይሸከማል። ሐኪሙ ቢጠይቀው ሰዓቱን አብረው ያስተካክሉ ነበር።

መናገር ራሱ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ይከብዳል። ነርሷ «ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ስትል በአረብኛ ከሆነ ጥያቄው በደንብ አይገባም፤ ቢገባም «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» የሚለው መልስ ይቀድማል። ሕመምን ችሎ ማደር እንደ ጨዋነት ተቆጥሮ ያደገ ሰው 8 ለማለት ያፍራል፤ በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ደግሞ አሠሪዋ አጠገቧ ቆማ እያስተረጎመችላት እንዴት አድርጋ ትናገር? ፋይሉ ላይ 2 ተብሎ ይጻፋል፣ ማስታገሻውም በዚያው ልክ ይታዘዛል። ቁጥሩ ከ0 እስከ 10 ሲሆን 0 ምንም አለመታመም፣ 10 ሊታሰብ ከሚችለው ሁሉ የከፋ ሕመም ማለት ነው። 5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን መናገር ነውር የለበትም። ሆስፒታሎች ለዚህ ቀላል መፍትሔ አላቸው፦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ ማደንዘዣው በስንት ሰዓት እንደሚለቅና የመጀመሪያው ኪኒን መቼ እንደሚዋጥ የሚናገር። ይህን ያህል ኢትዮጵያዊ ባለበት ከተማ ይህ ብዙ መጠየቅ አይደለም።

በአገር ቤት ያለው ሥዕል ከዚህ ይከብዳል። በ2014 የታተመ የጅማ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመም የተሰማቸው ታካሚዎች ከ100 ከ90 በላይ እንደነበሩ፣ አብዛኞቹም በቂ ማስታገሻ እንዳላገኙ አሳይቷል። የጤና ሚኒስቴር ደኅንነቱ የተጠበቀ የቀዶ ሕክምና ንቅናቄ ጀምሯል፤ ሆስፒታሎችን ከሕመም ነፃ የማድረግ ጥረትም ይህን ችግር ለመፍታት ነው። የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና እዚህ ላይ ዕድለኛ መስክ ነው። የሚያስፈልገው ሊዶኬይንና ቡፒቫኬይን በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያሉ፣ በአገሪቱ ሆስፒታሎች የሚታወቁ ናቸው፤ ወገብ የሚወጋው የሰመመን ባለሙያ መጠናቸውን ያውቃል። ኢንዶስኮፕ በሌለበትም አጥንት ለማስተካከል የፊት ነርቮችን መውጋት ይቻላል። ጥቁር አንበሳና ጳውሎስ የሚሠለጥኑ ወጣት የአንገት በላይ ሐኪሞች መጨረሻ ላይ የሚወጋውን መርፌ ከመጀመሪያው ቀን ልማድ ቢያደርጉት የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው።

ሪያድ ውስጥ ቀጠሮ ይዘው የሚጠብቁ ወገኖች ከመፈረማቸው በፊት ሐኪማቸውን እነዚህን ይጠይቁ፦ መጨረሻ ላይ ረጅም የሚቆይ ማደንዘዣ ይሰጠኛል ወይ? በስንት ሰዓት ይለቃል? አፍንጫዬ ይወተፋል ወይ፣ ከተወተፈስ ሲወጣ ማደንዘዣ ይደረግበታል? አስም፣ ፖሊፕ ወይም ለአስፕሪን አለርጂ ካላቸው ሳይጠየቁ ይናገሩ። ቤት ሲገቡ ራሳቸውን ከፍ አድርገው ይተኙ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ንፍጣቸውን በኃይል አይናፈጡ። ሕመሙ ከ3ኛው ቀን በኋላ መቀነሱ ቀርቶ ከጨመረ፣ ነስሩ አልቆም ካለ፣ ዓይን ካበጠ ወይም ከደበዘዘ፣ ከአፍንጫ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወረደ፣ ወይም ትኩሳት ያለበት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ሌላ ኪኒን አይደርቡ፤ በ937 ለጤና ሚኒስቴር፣ አምቡላንስ ካስፈለገም በ997 ይደውሉ፤ ወይም በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።